ውሃውን ማን ጠጣው?

ሰሞኑን ስለ ፍቅርና ስለ ቅናት ስናወጋ ሰነበትን አይደል? የዛሬው ወጋችን ደግሞ ስለ ራዲያተር ነው። ኧረ አትሳቁ! «ስልኳን ለምን ገልብጣ ታስቀምጣለች?» እያላችሁ ስትብሰለሰሉ ያደራችሁ ሁሉ ይሄ ወግ ሳይመለከታችሁ አይቀርም። አንድ ቅዳሜ መካኒሳ ውዬ ያየሁትን ነው የማወጋችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ኢሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና አለው። ከነአሮጌነቱ ነው የገዛው፤ ሁለት እቁብ ጠርቅሞና የአክስቴን ወርቅ አሽጦ። የቤቱ ኪራይ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የአያቴ መድኃኒት... ሁሉም ከዚያች መኪና ነው የሚወጣው። ራሱ ይነዳታል። አብሮት አንድ ረዳት አለ፤ ከጎጃም የመጣ፣ ገና 19 ዓመቱ የሆነ ልጅ። ማታ ማታ ጋቢናው ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ጠዋት ዘይትና ውሃ የሚያየውም እሱ ነው።

በመስከረም መጨረሻ ከጎጃም ጤፍ ጭነው ሲመለሱ ዓባይ በረሃ ላይ መኪናዋ ፈላች። ዓባይን በመኪና ወርዳችሁ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከደጋው ጫፍ ቁልቁል ይወርድና፣ ጃፓኖች ባሠሩትና በ2001 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ እንደገና ወደ ሰማይ ይወጣል። ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና ሽቅብ ሲወጣ በከባድ ማርሽ፣ እንደ ኤሊ ነው። ፊት ለፊት የሚመታው ነፋስ የለም። ሞተሩ የሚተማመነው በማራገቢያውና በውሃው ብቻ ነው። ውሃው ከጎደለ... በቃ።

እንደምንም አዲስ አበባ አስገቧት። ከተማው መሀል ያለ አንድ ጋራዥ (ስሙ ይቆየን) 11 ቀን አቆያት። ቴስታታው ወረደ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላገ፣ ጋስኬቱ ተቀየረ፣ የውሃው ፓምፕም አዲስ ገባ። አጎቴ የከፈለውን ገንዘብ እዚህ ብጽፈው አክስቴ ጋዜጣውን ትቀደዋለች። ብቻ ወጣች። ሞተሩም ሲነሳ እንደ ድመት ነው፣ ደስ ይላል።

በሦስተኛው ቀን ግን ውሃው ጎደለ። ሞሉት። በማግስቱም ጎደለ። በቀን እስከ 2 ሊትር! የሚገርመው ደግሞ መሬት ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። መኪናዋ በቆመችበት ያለው መሬት ደረቅ ነው። ጋራዡ ሲደወልለት «ቴስታታው ተሰንጥቆ ይሆናል፤ አምጡትና እናውርደው» አለ። እንደገና ማውረድ ማለት እንደገና መክፈል ነው። አጎቴ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ግን አንድ ነገር ተገለጠለት።

«ልጁ ነው!» አለ።

ኩላንት የሚባለው ባለቀለም ፈሳሽ እኮ በጀሪካን ይሸጣል፤ ርካሽም አይደለም። ልጁ ጋቢና ውስጥ ነው የሚያድረው። የሚሞላውም እሱ፣ «ጎደለ» የሚለውም እሱ፣ ሌላ የሚሞላ ኩላንት የሚገዛውም እሱ። ታዲያ ማን ጠጣው? አጎቴ ወሰነ፤ ቅዳሜ መኪናዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያስመረምራል፣ ችግር ካልተገኘባት ልጁን ያሰናብታል። ከማሰናበቱ በፊት ደግሞ ምን ሊያደርገው እንደሚችል አክስቴ ስለምታውቅ፣ አርብ ማታ ደወለችልኝ። «የኔ ልጅ፣ ነገ አብረኸው ዋል። ልጁን እንዳይመታብኝ» አለችኝ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ የጥቅምት ብርድ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት ሰዓት፣ ከሜክሲኮ ታክሲ ያዝኩ። «ጀርመን! መካኒሳ! ጀሞ!» ሳር ቤትን አለፍን፣ ጀርመን አደባባይን አለፍን፣ መካኒሳ ወረድኩ።

መካኒሳን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በመስኮት ነው። ወደ ጀሞ ወይ ወደ ለቡ ስትሄዱ ታልፏታላችሁ። በ1990ዎቹ ቻይናዎች የሠሩት የቀለበት መንገድ ሰፈሯን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፤ ከወዲህ ያለው ሰው ወዲያ ያለውን ጎረቤቱን ለመጠየቅ ማቋረጫ ፍለጋ ይዞራል። ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ፣ አልኮል ፋብሪካው አለ፣ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ አለ። ከዋናው መንገድ ገባ ብላችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ ከተማው ድንገት ያልቅና ጎመን ይጀምራል። እውነቴን ነው! ትንሿ አቃቂ ወንዝ ዳር የአትክልት እርሻ አለ፤ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ቆስጣ። ወንዙ የከተማውን ጉድፍ ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ሽታው ሳይታይ ይቀድማችኋል። ከዚያው ውሃ የጠጣ ሰላጣ ግን እንዴት እንደሚያምር ብታዩ! (ሰላጣ ስትበሉ ደህና አድርጋችሁ እጠቡ፣ ሌላ ምን እላለሁ።)

ጋራዡ በዚህ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ነው። ቆርቆሮ አጥር፣ በዘይት የጠቆረ መሬት፣ ሆዷን የተዘረገፈች አንዲት ፊያት፣ ጥግ ላይ ቡና የምታፈላ ሴት። ባለቤቱ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቱታው ላይ መነጽር ያንጠለጠለ ሰውዬ ነው። አጎቴና ልጁ ቀድመውኝ ደርሰዋል። አጎቴ አንድ ጥግ፣ ልጁ ሌላ ጥግ። አይተያዩም። ፍቅረኞች ተጣልተው ካፌ ውስጥ ሲቀመጡ አላያችሁም? ልክ እንደዚያ።

ባለጋራዡ መፍቻ አላነሳም። መጀመሪያ ጠየቀ። መቼ ነው የሚጎድለው? ሲነዳ ነው ሲቆም? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? ማሞቂያው ይሠራል? ምን ምን ተፈታ? አጎቴ ሁሉንም እየተቆጣ መለሰ። ሰውዬው ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ልጁ ዞረና «አንተስ ወንድሜ? ማታ ያየኸውን ጠዋት ታገኘዋለህ?» አለው።

ልጁ ቀና አለ። ቀስ ብሎ «አዎ ጋሼ። ማታ በእስክሪብቶ ምልክት አደርግበታለሁ። ጠዋትም እዚያው ነው። የሚጎድለው ስንሠራ ውለን ነው» አለ።

«ትኩስ እያለ ነው ምልክት የምታደርገው?»

«አይ ጋሼ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ። ሲሞቅ ከፍ ይላል እኮ።»

አጎቴ ዞር ብሎ አየው። «ይሄን ለምን ለኔ አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ ጋሼ?»

እናንተዬ፣ ያቺን «ማን ጠየቀኝ» ብትሰሟት! ቡና የምታፈላዋ ሴት እንኳ ማራገቧን አቆመች። ሄጄ ነጭዋን የፕላስቲክ ዕቃ አየኋት፤ እውነትም ጎኗ ላይ የሰማያዊ እስክሪብቶ ጭረቶች ተደርድረዋል። ልጁ የሚጠረጠርበትን ቀን አስቀድሞ ያወቀ ይመስል ማስረጃውን ሲጽፍ ነው የሰነበተው።

አጎቴ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። «ምልክቱንም የሚያደርገው እሱ ነው!» አለ።

ምርመራው ተጀመረ። እስቲ ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ነገ የታክሲ ወይ የጭነት መኪና ባለቤት መሆናችሁ አይቀርም፣ ይጠቅማችኋል። መጀመሪያ የራዲያተሩ ክዳን ተከፈተ፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ። ትኩስ ራዲያተር ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊቱን ነው የሚያጣው! ከዚያ የዘይት መለኪያዋን አወጡ። ውሃ ወደ ዘይት ከገባ ዘይቱ እንደ ወተት ሻይ ይሆናል። የኛ ግን ጥቁር ነው፣ ደህና ነው። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተው ጭሱን አዩ። መጀመሪያ ነጭ እንፋሎት ወጣ፤ አጎቴ ደነገጠ። ሰውዬው ሳቀ። በጥቅምት ጠዋት የማያጨስ መኪና የለም፣ ሞተሩ ሲሞቅ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ነው የሚያስፈራው። ጠፋ።

ቀጥሎ አንዲት ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘች ብልቃጥ መጣች። የራዲያተሩ አፍ ላይ ትደቀንና ከውሃው በላይ ያለውን አየር ትስባለች። ቴስታታው ተሰንጥቆ ወይ ጋስኬቱ ተቃጥሎ የጭስ ጋዝ ወደ ውሃው ካመለጠ ፈሳሹ ቀለሙን ይለውጣል። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ጠበቅን። ሰማያዊ... አሁንም ሰማያዊ። «ቴስታታህ ጤነኛ ነው» አለ ሰውዬው። አጎቴ ተነፈሰ። እኔም ተነፈስኩ። ያን ሁሉ ገንዘብ ዳግም ከመክፈል ተረፈ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ መካኒኮቻችን ሲያወሩ የጣሊያን ሰላይ ነው የሚመስሉት። ቴስታታ፣ ካቻቪቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ቶርኖ፣ ጎሚስታ... ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲገዛን መንገዱንና ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን የፊያት መኪና ይዞ መጣ፤ ሲባረር ቃላቱን ረስቶ ሄደ። ዛሬ የጃፓን መኪና ፈተው የጣሊያን ቃል ይጠራሉ። ሰዉ ደግሞ ኢሱዙን በፍጥነቱና በሚያደርሰው አደጋ «አልቃይዳ» ብሎ የዓረብኛ ስም አወጣለት። የኛ ነገር!

ወደ ወጋችን። አሁን ጋቢናው ተገለበጠ። ኢሱዙ ሞተሩ ከጋቢናው ሥር ነው ያለው፤ ለመሥራት ጋቢናው ወደ ፊት ይደፋል። ሰውዬው የእጅ ፓምፕ የመሰለ፣ መርፌ ያለው መሣሪያ አመጣና ራዲያተሩ አፍ ላይ ገጠመው። ይህ መሣሪያ ሞተሩ ሳይሞቅ ትኩስ እንደሆነ ያህል ግፊት ይፈጥራል። ለምን ግፊት? እዚህ ላይ የዘጠነኛ ክፍል የፊዚክስ መምህራችን ትዝ አለኝ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው በባሕር ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተር ሙቀት ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው! ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ካያችሁ የሚይዘውን ግፊት መናገሩ ነው፤ በዚያ ግፊት ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም። ስለዚህ ያረጀ ክዳን እንደ ቀልድ አይታይም። ኩላንቱም ቢሆን ለቀለም አይደለም የሚጨመረው፤ መፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገት ይከላከላል። (መርዝ መሆኑን ግን አትርሱ። ጣፋጭ ስለሆነ ልጆችና ውሾች ይቀምሱታል።)

ሰውዬው ፓምፑን ገፋ ገፋ አደረገ። መርፌዋ 1 ላይ ቆመች። 5 ደቂቃ... ንቅንቅ የለም። 15 ደቂቃ... ንቅንቅ የለም። በባትሪ እየበሩ ፓምፑን፣ ቱቦዎቹን፣ ራዲያተሩን ዳበሱ። ደረቅ።

አጎቴ ከመቀመጫው ተነሳ። «አላልኳችሁም? መኪናዋ አትተፋም! ሌባው...» ብሎ ወደ ልጁ መራመድ ሲጀምር ክንዱን ያዝኩት። አክስቴ የላከችኝ ለዚህች ደቂቃ ነበር። ልጁ አልሸሸም። ዓይኑ ግን ውሃ ሞልቷል።

ይኼኔ ነው እስካሁን ያላነሳሁላችሁ ሰው የመጣው። ጋራዡ ውስጥ አንድ መስማት የተሳነው ወጣት መካኒክ አለ። መካኒሳ የመስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ያለባት ሰፈር ስለሆነች፣ መንገዷ ላይ በእጃቸው የሚያወሩ ወጣቶች ማየት ብርቅ አይደለም። ባለጋራዡም ቋንቋውን ተምሯል። ወጣቱ እኛ ስንጨቃጨቅ ጭቅጭቁ ስለማይሰማው ሥራውን ቀጥሏል፤ በሆዱ ተንፏቆ ከመኪናዋ ሥር ገብቷል። ወጣና የባለጋራዡን ትከሻ መታ አደረገ። ጣቱን አሳየው፤ ጫፉ ላይ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ተጣብቋል። ከዚያ አፍንጫውን ነካ፣ ወደ ጭስ ማውጫው ቱቦ ጠቆመ። በመጨረሻ መዳፉን ዘርግቶ ቀስ ብሎ ወደ ታች አወረደው። አንዴ። ሁለቴ።

ባለጋራዡ ግንባሩን መታ። «ጋቢናውን አውርዱት!»

ገባችሁ? ሁሉም ሰው ውሃውን የፈለገው ጋቢናው ተገልብጦ ነው። መኪናዋ ግን ጋቢናዋን ገልብጣ አትሄድም! ፓምፑ እንደተገጠመ ጋቢናው ቀስ ብሎ ወረደ። ሁላችንም መርፌዋ ላይ አፈጠጥን። 1... ትንሽ ቆይታ ዝቅ አለች... 0.8... 0.6። ከሥር ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ጉዱ ይኸውላችሁ። ከሞተሩ ወደ ጋቢናው ማሞቂያ ትኩስ ውሃ የሚወስድ የጎማ ቱቦ አለ። የመጀመሪያው ጋራዥ ቴስታታውን ሲያወርድ ፈቶታል። ሲመልሰው ግን በራሱ መንገድ አላሳለፈውም፤ ደግፎ የሚይዘውን ማቀፊያ ሳያስር ትቶታል፣ ማጥበቂያውን ቀለበትም የቱቦው ከንፈር ላይ ነው ያሰረው። ጋቢናው ሲነሳ ቱቦው ይፍታታና አፉን ይገጥማል። ሲወርድ ይታጠፍና ከብረት ጋር ይጋፋል፣ አፉም ይከፈታል። ሞተሩ ሲሞቅና ግፊት ሲመጣ ይንጠባጠባል። የሚንጠባጠበው ደግሞ መሬት ላይ አይደለም፤ እሳት የሆነው የጭስ ማውጫ ቱቦ ላይ ነው። ጭጭ ብሎ ይተናል። የሚቀረው ያ ዱቄትና ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ሽታ ብቻ ነው። ማታ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይጠፋል፣ መንጠባጠቡም ይቆማል። የልጁ የእስክሪብቶ ምልክት የማይነቃነቀው ለዚህ ነበር።

ጥገናው አንድ ሰዓትም አልፈጀ። አዲስ ቁራጭ ጎማ፣ ሁለት አዲስ ማጥበቂያ፣ ማቀፊያው በቦታው። ከዚያ የማሞቂያውን ቧንቧ ከፍተው፣ ውሃና ኩላንት እኩል ለእኩል በጥብጠው ቀስ እያሉ ሞሉ፤ አየር ውስጥ ከቀረ ውሃው ሙሉ መስሎ ሞተሩ ይቃጠላልና። ሞተሩ 80 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ጠበቁ፣ የጎደለውን ጨመሩ። ጋቢናው ወርዶ እንደገና ተፈተነ። መርፌዋ ተቸነከረች። ሒሳቡ ከመጀመሪያው ጋራዥ ጋር ሲተያይ የሻይ ነው።

«እነዚያ ሌቦች!» አለ አጎቴ፤ ሌባ የሚባል ሰው ካላገኘ ቀኑ የሚመሽለት አይመስልም። ባለጋራዡ አልተቀበለውም። «ቴስታታውን በደንብ ነው የሠሩት፤ እኔም ከዚህ የተሻለ አልሠራም። መጨረሻ ላይ ቸኩለዋል» አለ። ልጁ ሳቁን ዋጠ። ኋላ ሲነግረኝ፣ አጎቴ እነዚያን 11 ቀናት በየቀኑ ሦስት ጊዜ እየደወለ «አላለቀም ወይ?» ሲላቸው ነበር የከረመው።

ቡና ጠጣን። መስማት የተሳነው ወጣት ለኢሱዙው ልጅ «ጎበዝ» የሚለውን ምልክት ሲያስተምረው አየሁ፤ ወይ እንደዚያ መሰለኝ። አጎቴ ፍንጃሉን ይዞ ወንዙን፣ ጎመኑን፣ ሰማዩን፣ ከልጁ በቀር ሁሉንም ነገር አየ። ሒሳብ ከፍሎ ሲነሳ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ለልጁ ወረወረለት። «አስነሳት፤ እስኪሞቅ ጠብቅ» አለው። በቃ። ሌላ ቃል የለም። እኔ «ይቅርታ» የምትባለውን ቃል እየጠበቅኩ ነበር፣ ቀረች። ታክሲ ውስጥ ሆኜም ተናደድኩ፤ ሰው 19 ዓመት ልጅ ፊት «ተሳስቻለሁ» ቢል ምን ይጎድልበታል?

በሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ልጁ ነው፣ ከጎሐ ጽዮን። ሙሉ ጤፍ ጭነው ዓባይን ወጥተዋል። «መርፌዋ ከመሀል ንቅንቅ አላለችም!» ይላል፤ ከኋላው የአጎቴ ድምፅ «በካርድ አታውራ፣ ዝጋው!» ሲል ይሰማኛል።

ሲመለሱ እሁድ አክስቴ ቤት ተገናኘን። መኪናዋ በር ላይ ቆማለች። ነጭዋን የፕላስቲክ ዕቃ ለማየት ጎንበስ አልኩ። የእስክሪብቶው ጭረት የለም። በምትኩ ወፍራም ቀይ መስመር ተሰምሮባታል፣ ከሩቅ የሚታይ። ልጁን በዓይኔ ጠየቅኩት። ከጆሮው ላይ አዲስ ማርከር አወረደና አሳየኝ።

«ጋሼ ገዝቶልኝ ነው» አለ።